ለልማት አጋሮች፦ አቤት የምንልበት በር ቀበሌ ይውረድልን

ለ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ለምትሠሩ የልማት አጋሮች በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በእርዳታና በብድር ገንዘብ ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት በር ቀበሌ ድረስ እንዲወርድ ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ይህ ደብዳቤ ለዓለም ባንክ፣ ለአውሮፓ ኅብረት፣ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና በየኤምባሲው ላለው የልማት ክፍል ነው። ለየብቻችሁ ብጽፍ መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ጻፍኩት።

ማን ነሽ ብትሉኝ፣ በአንድ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወጥቼ በአንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ሕዝብና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የሚነጋገሩበትን መድረክ ሳመቻች ቆየሁ። ስለዚህ ገንዘባችሁን የማውቀው ሲደርስ ነው። ሲፈረም የማየው እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣንና የእናንተ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ማኅደር ይለዋወጣሉ፣ ይጨባበጣሉ። ከዚያ ዜናው ወደ እግር ኳስ ያልፋል።

በምትፈርሙት ወረቀት ላይ ዴሞክራሲ፣ ሰብዓዊ መብትና መልካም አስተዳደር አይጠፉም። የአውሮፓ ኅብረት ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓስፊክ አገሮች ጋር በፈረንጆቹ 2000 ኮቶኑ ላይ የፈረመው ስምምነት አንቀጽ 9 ሰብዓዊ መብትን፣ የዴሞክራሲ መርሆዎችንና የሕግ የበላይነትን መሠረቱ አድርጎ ነበር። በ2023 ሳሞአ ላይ የተፈረመው ተተኪውም ይህን አልለቀቀም። ከቃላቱ ጋር ጠብ የለኝም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ገንዘቡ እኔ ቀበሌ ደርሶ ሲበላሽ ለማን ነው አቤት የምለው?

ከስንዴው ልጀምር። ሰኔ 1 ቀን 2015 የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቆመ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንዲሁ አደረገ። እርዳታው በሰፊውና በተቀናጀ መንገድ እየተመዘበረ ነው ተባለ። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር። ዩኤስኤአይዲ ለሁሉም ማከፋፈል የቀጠለው በ2016 ታኅሣሥ ገደማ ነው። ክረምቱ በሙሉ አለፈ ማለት ነው። ክረምት ለገጠር ሰው ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሪፖርታችሁ ላይ በየዓመቱ ትጽፉታላችሁ።

ስርቆት አልነበረም አልልም። ነበር። ግን አንድ ነገር አስቡ። ያ ጆንያ ከመጋዘን ወጥቶ ገበያ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ኦዲተር አይደለም። ተሰልፎ ውሎ «አልቋል፣ የሚቀጥለው ወር ና» የተባለው ሰው ነው። ያ ሰው ያየውን ለማን ይንገር? ለቀበሌው ሊቀመንበር እንዳይነግር ስም ዝርዝሩን ያወጣው እሱ ነው። ለወረዳው እንዳይነግር የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው እዚያው ነው። ለፖሊስ ቢናገር ማታውኑ ስሙ ይወጣል። የሚቀጥለው ዝርዝር ሲነበብ ደግሞ እሱ የለበትም። ስለዚህ ዝም አለ። እናንተ በስተመጨረሻ ስታውቁ የወሰዳችሁት እርምጃ ዝም ያለውን ሰው ማስራብ ሆነ። የሰረቀው ሰውማ ሌላ ገቢ አለው።

በእርግጥ አከፋፋዩን ሳይቀይሩ መቀጠል ሌባ መቀለብ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ብዙ ሺህ ሰው እያየ ያለውን ነገር አዲስ አበባ ያለው ቢሮ የሰማው በጣም ዘግይቶ ነው። ለዚያ ሕዝብ የሚናገርበት ቦታ ስላልሠራችሁለት ነው የዘገየው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጋምቤላን አስታውሱ። ከ2003 ጀምሮ መንግሥት በክልሉ የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ያካሂድ ነበር። መንግሥት በፈቃድ ነው ይል ነበር። ተገደን ነው የተነሳነው ያሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ጊዜ ዓለም ባንክ፣ እንግሊዝና ሌሎቻችሁ ፒቢኤስ በሚባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ ሠራተኞችን ደመወዝ ትደግፉ ነበር። መስከረም 2005 ወደ ጎረቤት አገር የተሰደዱ አኙዋኮች ለዓለም ባንክ የምርመራ ፓነል አቤቱታ አስገቡ። በእናንተ ገንዘብ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ናቸው እኛን ሲያስነሱ የነበሩት አሉ።

ፓነሉ መረመረ። ሪፖርቱ በ2007 ወጣ። ሰዎቹ በግድ ተነስተዋል ወይስ አልተነሱም የሚለውን ማረጋገጥ ሥልጣኔ አይደለም አለ። ግን በፒቢኤስና በመንደር ማሰባሰቡ መካከል በሥራ ላይ ግንኙነት እንደነበረ፣ ባንኩም ከዚህ የሚመጣውን አደጋ በአግባቡ እንዳልመዘነ ጻፈ። ለንደን ላይ ደግሞ ስሙ ያልተገለጸ አንድ የጋምቤላ ገበሬ የእንግሊዝን የልማት መሥሪያ ቤት ከሰሰ። ዳኛው ሐምሌ 2006 ክሱ እንዲሰማ ፈቀደ። የካቲት 2007 እንግሊዝ ለፒቢኤስ መስጠቷን አቆመች። ክሱም ፍርድ ሳያይ ቀረ።

እስቲ የሰውየውን መንገድ ተከተሉት። የእርሻ መሬቱ ጋምቤላ ነው። የሚያውቃቸው ባለሥልጣናት ወረዳው ላይ ናቸው። ጉዳዩ ግን የተሰማለት አገሩን ለቆ፣ ስደተኛ ካምፕ ገብቶ፣ እዚያ ጠበቃ አግኝቶ፣ ፋይሉ ባሕር ማዶ ከተሻገረ በኋላ ነው። ያልተሰደደው ጎረቤቱስ? እሱ የትም አልደረሰም። በፓነላችሁና በፍርድ ቤታችሁ ኩሩ፣ ይገባችኋል፤ የአቤቱታውን ፋይል የከፈቱት እነሱ ናቸው። ግን አቤት ለማለት መጀመሪያ መሰደድ የሚያስፈልግ ከሆነ በሩ ተከፍቷል ማለት ይከብዳል።

እናንተ መብት ሲጣስ የምታውቁት መልስ አንድ ነው፤ ማቋረጥ። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ እንደቆጠረው፣ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። እናንተም በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና የምትሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቆማችሁ። ጥር 2013 የአውሮፓ ኅብረት በትግራይ ጦርነት ምክንያት 88 ሚሊዮን ዩሮ ያዘ። ምናልባት ከዚህ ሌላ ማድረግ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ያኔም እንደዚያ ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ማቋረጥ በናንተና በመንግሥት መካከል ያለ ንግግር ነው። ሕዝቡ የሚሰማው በሬዲዮ ነው። በንግግሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ደግሞ ከኛ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ምክንያት የምታቋርጡበት ጊዜ አለ። ጥር 12 ቀን 2017 ዋሽንግተን ላይ አንድ ትእዛዝ ተፈረመና የአሜሪካ እርዳታ ቆመ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። እንግሊዝ የልማት እርዳታዋን በፈረንጆቹ 2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታወቀች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገንዘብ ያነሰ እንደሚሆን ገብቶናል። እኔ የምጠይቀው ነገር ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ለዚህ ነው ጊዜው አሁን ነው የምለው።

አሁን ወደ ሠራው ነገር ልምጣ። ሁሉንም ማማረር አልወድም።

የበጀት ድጋፉ ሲቆም መምህሩም ነርሷም ደመወዝ ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ በ1998 ፒቢኤስ ተፈጠረ። ገንዘቡ በክልል አልፎ ወረዳ ይደርሳል። የወረዳ በጀት ትልቁ ክፍል ደመወዝ ነው። ሥራ ማስኬጃ የሚባለው የተረፈው ነው። በዚህ ምክንያት ነርሷ አለች፣ ጓንት የለም። የግብርና ባለሙያው አለ፣ ለሞተር ሳይክሉ ቤንዚን የለም። ይህን የወረዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በፒቢኤስ ውስጥ ሁለት ትናንሽ ሥራዎች ነበሩ። አንዱ የወረዳን በጀት ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። ሌላው ማኅበራዊ ተጠያቂነት የሚባለው ነው። ሁለተኛው ዙር ከ200 በላይ ወረዳዎች ውስጥ ሠርቷል። በእኔ እምነት እናንተ እዚህ አገር ለዴሞክራሲ ካደረጋችሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል። ያወጣችሁበት ገንዘብም ከሌላው ሲወዳደር ትንሽ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስለ ጤና ጣቢያው ወይም ስለ ውሃው ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጣሉ። ሠራተኞቹም ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው አይናገርም። አንድ ሽማግሌ መንግሥትን ያመሰግናሉ፤ ሌላው ይደግማቸዋል። ከዚያ አንዲት እናት ትነሳና «እኔ የወለድኩት በሞባይል መብራት ነው» ትላለች። ያኔ ቤቱ ይከፈታል።

አንድ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ስለ መድኃኒት እጥረት የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አፋጠጠው። ሰርቀህ ሸጠኸዋል ማለት ነበር የቀረው። ሰውየው ተነስቶ ወጣ። ተቆጥቶ የሄደ መሰለን። ተመልሶ ሲመጣ አንድ ክምር ወረቀት ይዟል። በየወሩ መድኃኒት የጠየቀባቸው ደብዳቤዎች ናቸው፤ የወረዳው ማኅተም ያረፈባቸው፣ መልስ ያላገኙ። የወረዳው ጤና ኃላፊ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል። የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ያን ቀን ሕዝቡ የተማረውን ማንም አሠልጣኝ አላስተማረውም። ጥፋቱ የት ደረጃ ላይ እንዳለ በዓይኑ አየ። ኃላፊውም ከዚያ በኋላ ስድብ ቀረለት።

የዚህ ሥራ ጉድለትም እዚያው ይታያል። የነጥብ ካርዱ ጤና ጣቢያው ድረስ ጠንካራ ነው። ወረዳ ሲደርስ ይለዝባል። ክልል አይደርስም። እናንተ ጋ መድረሱማ ጭራሽ አይታሰብም። ሕዝብ ነርሷን ይመዝናል፤ ለነርሷ የሚከፍለውን ፕሮግራም ግን የመዘነ ሰው አላየሁም።

በዚያው ዘመን ከላይ ምን ይደረግ እንደነበር ደግሞ አትረሱትም። በ2001 አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተባለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ከ12 ቢሮዎቹ 9ኙን ዘጋ። የባንክ ሒሳቡም ታገደ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ተደብድባ ነጻ የሕግ ምክር ፍለጋ የምትመጣ ሴት የተዘጋ በር ጠበቃት። እናንተም መፍትሔ አላጣችሁም። ከአውሮፓ ኅብረት የመጣ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት «የአገር ውስጥ ገንዘብ» ተብሎ ተቆጠረ። ከብራሰልስ የመጣ ዩሮ ዜግነት ቀየረ። ሳቅ ይመጣብኛል፤ ግን ብዙ ድርጅት ነፍሱን ያቆየው በዚያ ነው፤ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ሕጉ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካና አየር አገኘን። በ2017 ግን የተወሰኑ የመብት ድርጅቶች እንደገና ታገዱ፤ ከወራት በኋላ እገዳው ተነሳላቸው። መነሳቱ ጥሩ ነው። ታግዶ የተለቀቀ ድርጅት ግን ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ሲጽፍ ሁለቴ ያስባል።

ሌላው የማደንቀው ለድሃ የገጠር ቤተሰብ ምግብ ወይም ገንዘብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ሲጀመር ብዙ ሰው ልመና ነው ብሎት ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ነገሩ ግን የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ነው። የተመረጡት ሰዎች ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል። የተዘለለች ሴት የት እንደምትሄድ ታውቃለች። አድራሻው ግልጽ ነው፤ እዚያው ነው፤ በእግር ይደረሳል።

ድክመት የለውም ማለቴ አይደለም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ዘመዶች ቅሬታ ሰሚ ሆነው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ፊት ለፊት መክሰስ ደግሞ ለገጠር ሰው ቀላል አይደለም፤ ነገ በሠርግ፣ በለቅሶና በዕድር ከዚያው ሰው ጋር ይገናኛል። የእናንተ አቆጣጠርም ነገሩን ያባብሰዋል። ሪፖርታችሁ ላይ የቀረበ ቅሬታ ቁጥር ሲያንስ ደስ ይላችኋል። የወረዳ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ቅሬታ ያነሰ ሆኖ ይመጣላችኋል። እኔ ግን አንድም ቅሬታ የሌለበት ቀበሌ ሳይ የምጠረጥረው ፍርሃትን ነው። ቅሬታ የበዛበት ቀበሌ ሰው የሚናገርበት ቀበሌ ነው። መመዘኛችሁን እዚህ ላይ ገልብጡት።

ከፈረንጆቹ 2018 ወዲህ ዓለም ባንክ ገንዘብ ለሚሰጥበት ፕሮጀክት ሁሉ የቅሬታ አፈታት ሥርዓት ያስገድዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። መሬት ላይ ምን ሆነ? የመንገዱ ፕሮጀክት ኮሚቴ አለው። የውሃው ኮሚቴ አለው። የመሬቱም አለው። አንዳንድ ቀበሌ ላይ ሦስቱም ኮሚቴ ውስጥ ያሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኮሚቴውም ያልቃል። ቆርቆሮው ታፔላ ላይ የተጻፈው ስልክ ሲደወልለት አይነሳም። አንዲት እናት ቅሬታዋ የየትኛው ፕሮጀክት እንደሆነ እንዴት ትወቅ? ለእሷ ሁሉም «እርዳታ» ነው።

ስለዚህ በሩ አንድ ይሁን። የሁላችሁም ገንዘብ፣ የሁላችሁም ፕሮጀክት፣ አንድ ቦታ። ፕሮጀክት ሲዘጋ የማይዘጋ። ስም ዝርዝር የሚያወጣ፣ መጋዘን የሚይዝ፣ ጨረታ የሚያወዳድር ሰው የማይቀመጥበት። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ፍጠሩ አልልም። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በክልሎች ቅርንጫፍ አለው። በየአካባቢው ሕዝብ የሚያምናቸው ማኅበራት አሉ። እነሱን ደግፉ። የምትደግፉትም በሁለት ዓመት በሚያልቅ ፕሮጀክት አይሁን፤ በጀት ሲጠብብ መጨረሻ የሚነካ መስመር ላይ አስቀምጡት።

የተናገረው ሰው ስም ይጠበቅ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ እንዳታልፉት። ገጠር ውስጥ ቅጣት ማለት እስር ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ሲከፋፈል መዘግየት ነው። ከሴፍቲኔት ዝርዝር መውጣት ነው። ልጅ ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ ማኅተም ማጣት ነው። እነዚህን በሪፖርት ማረጋገጥ ይከብዳል። ስለዚህ ቅሬታውን የሚቀበለው ሰው ከወረዳው ውጭ መቀመጥ አለበት። በነጻ በሚደወል ስልክም በአካልም መቅረብ ይቻል። ስልክ የሌላት አለች፤ ስልኳን ባሏ የያዘባትም አለች።

መልሱ በ30 ቀን ይሁን። ቁጥሩን ከራሴ አላወጣሁትም። የመረጃ ነጻነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ሲጠየቅ የሰጠው ጊዜ እሱ ነው። መንግሥትን የሚያስገድድ ጊዜ እናንተን ቢያስገድድ አይከብድም።

ጥፋት ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ አከፋፋዩ ይነሳ። የእርዳታው ተቀባይ መጨረሻ ላይ ይታሰብ። ስንዴው ላይ ያደረጋችሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር።

ሰው ያላወቀውን ነገር መጠየቅ አይችልም። ስምምነታችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አለ። በእንግሊዝኛ ነው፤ መቶ ገጽ ነው። አንዳንዴ የአማርኛ ማጠቃለያ ይወጣል፤ አማርኛውን ለመረዳት እንግሊዝኛው ያስፈልጋል። እኔ የምለምነው አንድ ገጽ ነው። ይህ ገንዘብ ስንት ነው፣ ለምንድን ነው፣ እስከ መቼ ነው፣ ማን ያወጣዋል፣ ስታዝኑ የት ትሄዳላችሁ። በአካባቢው የሥራ ቋንቋ። ቀበሌው ላይ፣ ገበያው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ደጃፍ ላይ ይለጠፍ። እኛ የወረዳን በጀት ስንለጥፍ ማን ያነበዋል ይሉን ነበር። አንድ ተማሪ ያነባል፤ ለአባቱ ይነግራል። አባትየው ጠላ ቤት ያወራዋል። በቃ።

ለወረዳ ምክር ቤቱም አሳዩት። በእኛ ቋንቋ ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል የሚመጣው ነው። ቻናል ሁለት በየሴክተር መሥሪያ ቤቱ ይመጣል። ቻናል ሦስት እናንተ ወይም ድርጅቶቻችሁ በቀጥታ የምታወጡት ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የምክር ቤቱን ጠረጴዛ አያይም። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በጀት ያጸድቃል፤ እዚያው ወረዳ ውስጥ ሌላ መኪና ሌላ በጀት ይዞ ይዞራል። ከዚያ እናንተ ለምክር ቤት አባላት «የክትትልና ቁጥጥር አቅም ግንባታ» ሥልጠና ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ላይ ታዘጋጃላችሁ። የሚቆጣጠሩትን ነገር ሳታሳዩአቸው።

እዚህ ጋ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። በውጭ ገንዘብ ዴሞክራሲ አይገዛም፣ ይህ ጣልቃ ገብነት ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። አበል የሚከፈልበት የሆቴል አዳራሽ ዴሞክራሲ አላመጣም። ማንም የስዊድን ወይም የጀርመን ግብር ከፋይ የእኛን ወረዳ እንዲመራ አንፈልግም። ግን እኔ የጠየቅኩት እኛን እንድታስተምሩን አይደለም። በራሳችሁ ገንዘብ ላይ እንድንጠይቃችሁ ነው። ይህን ደግሞ ሕገ መንግሥታችን ቀድሞ ብሎታል። አንቀጽ 43 ስለ ልማት መብት ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየት የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የውጭ ሐሳብ የለበትም። እናንተ እዚህ አገር ስትሠሩ ይህን ማክበር ግዴታችሁ ነው ብል ማን ይቆጣኛል?

መንግሥት አይፈቅድም ትሉ ይሆናል። ለሴፍቲኔት የቀበሌ ኮሚቴ ፈቅዷል። ለማኅበራዊ ተጠያቂነትም ፈቅዷል። ለዓለም ባንክ ፕሮጀክቶች ቅሬታ ሰሚ ፈቅዷል። የምጠይቀው እነዚህ ተያይዘው ወደ ላይም እንዲሠሩ ነው። ካልተፈቀደ ደግሞ ያልፈቀደውን አካል ስም ጠቅሳችሁ ለእኛ ንገሩን። ይህን ያህል መረጃ ይገባናል።

ጦርነት ባለበት ወረዳ ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሳል። አማራ ክልል ውስጥም፣ ኦሮሚያ ውስጥም፣ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት የማይሆንባቸው ወረዳዎች አሉ። እዚያ አሁን ጀምሩ አልልም። ሰላም ባለበት፣ ብዙ ፕሮጀክት በተደራረበበት አንድ ወረዳ ጀምሩት። የሚቀጥለው ስምምነት ሲፈረም ይህችን አንድ ገጽና አንድ በር የስምምነቱ አባሪ አድርጓት። አባሪውን ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ወረዳ ምክር ቤት ላይ በንባብ አሰሙ።

ይህን ለማድረግ የሚከለክላችሁ የራሳችሁ ሕግ ካለ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ጻፉልን። መልሳችሁን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ብታወጡት ደግሞ ይህን ደብዳቤ አንብቦ «እኔም ይህ ጥያቄ አለኝ» የሚል ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የወረዳ ፋይናንስ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለገንዘብ ሚኒስቴር
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን
በየወረዳው ለሚገኙ ምክር ቤቶች